በቱና ወር ነጭ አይለበስም

እናቴን የሚመታት ቱና ነው ብዬ አምን ነበር። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሞኝ ግን አልነበርኩም። ደሴታችን ላይ ያደገ ልጅ ሁሉ ቱና የሚባለው ዓሣ ምን ማድረግ እንደሚችል ያውቃል። ከአባቴ ቁመት ይረዝማል፣ የበሬ ያህል ይከብዳል፣ ጭራውን አንዴ ቢያወናጭፍ የሰው ክንድ ይሰብራል። እናቴ ከንፈሯ አብጦ ስትነሳና «ዓሣ ፋብሪካው ውስጥ የተሰቀለው ቱና ተወዛውዞ መታኝ» ስትለኝ የማላምንበት ምክንያት አልነበረኝም። ከጎረቤቶቻችን ባሎች አንዱ ክንድ፣ አንዱ ጣት እየጎደለው የሚመለስበት ባሕር ነው።

ግንቦትና ሰኔ የቱና ወር ይባላል። ዓሣው ለመራባት በደሴታችን ጥግ ሲያልፍ ወንዶቹ ባሕር ውስጥ በዘረጉት መረብ እየተመራ፣ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየገባ፣ መጨረሻ ላይ «የሞት ክፍል» የሚሉት ውስጥ ይዘጋበታል። እርዱ መቼ እንደሚሆን የሚወስነው ራይሱ ነው፤ የአጥማጆቹ አለቃ። ነፋሱን ያያል፣ ሞገዱን ያያል፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ ፋብሪካው ጣሪያ ላይ ቀይ ባንዲራ ይሰቅላል። ባንዲራው ከተሰቀለ ወንድ የተባለ ሁሉ ባሕር ላይ ነው፤ ሴቶቹ ደግሞ ሽርጣቸውን አስረው፣ ቢላቸውን ስለው፣ ወደቡ ላይ ጀልባዎቹን ይጠብቃሉ። ከሰዓት በኋላ ደሴቱ በሙሉ በደም ቀይ ነው። ድንጋዩ ቀይ፣ ገመዱ ቀይ፣ የሚመለሱት ወንዶች ከፀጉራቸው እስከ ጫማቸው ቀይ።

ለዚህ ነው በቱና ወር ነጭ የማይለበሰው። መጀመሪያ ነገሩ የሳሙና ጉዳይ ሳይሆን አይቀርም፤ በኋላ ግን የባሕር ሕግ ሆነ። ነጭ የለበሰች ሴት ወደብ ላይ ከታየች ዓሣው ይሸሻል ይባላል። ቄሱ እንኳን የልጆቹን የመጀመሪያ ቁርባን ወደ ሐምሌ ያዛውሩት ነበር፤ ከራይሱ ጋር መጣላት ማን ይፈልጋል?

አባቴ ባቺቻ ከሁሉም ጎበዝ ነበር። ይህን የምለው ለማሞገስ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ጀልባው ላይ አሳፍሮ እርዱን አሳየኝ። ወንዶቹ እየጮሁ የሞት ክፍሉን መረብ ከታች ወደ ላይ ሳቡት፣ ውሃው መፍላት ጀመረ፣ ጥቁር ጀርባዎች ወጡ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ድምፁን ነው፤ የጭራ ጥፊ፣ የእንጨት ስንጥቅ፣ የሰው ሳቅ። አባቴ ጫፉ ላይ ብረት ያለውን ረጅሙን ሜንጦ ዓሣው ጉንጭ ስር ሰክቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የራሱን ክብደት ወደ ኋላ ጥሎ ያን ግዙፍ ፍጡር ወደ ጀልባው ይገለብጠዋል። ዓሣው ደረቱ ላይ እየተንፈራገጠ ደሙን ፊቱ ላይ ይተፋበታል፤ እሱ ይስቃል። አንዱን ጥሎ ወደ እኔ መጣና አውራ ጣቱን ግንባሬ ላይ ተጭኖ በደም ምልክት አደረገልኝ። የአጥማጅ ልጅ ሁሉ ይደረግለታል። ሳልታጠብ ነው ያደርኩት፣ በኩራት።

የደሴታችን ሴቶች አንድ ነገር ይሉ ነበር፤ «ከእርድ የመጣ ወንድ እጁ ቶሎ አይበርድለትም»። ይህን ሲሉ ትከሻቸውን ሰብቀው ነው፤ ስለ ዝናብ እንደሚያወሩ። እኔ ቃል በቃል ወሰድኩት። እጁ የሚያቃጥለው መሰለኝ። ስለዚህ አባቴ ሲመለስ ከጉድጓድ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን ይዤ በር ላይ እጠብቀው ነበር። «ንከር አባዬ፣ እንዲበርድልህ» እለዋለሁ። ይስቃል፣ ይነክራል፣ ውሃው ይቀላል። ከዚያ ወደ ውስጥ ይገባል። እኔ ግቢው ውስጥ ሆኜ ከግድግዳው ጀርባ የሚመጣውን እሰማለሁ፤ ዱብ የሚል ነገር፣ ወንበር ሲገለበጥ፣ የአባቴ ትንፋሽ። የዕለቱን ትግል ለእናቴ በድርጊት የሚያሳያት ይመስለኝ ነበር። ያ ሳህን እስከ ዛሬ ትዝ ባለኝ ቁጥር ያንገበግበኛል።

እንዲህ በሆነ በአንዱ ማግስት እናቴ ኦርሶላ ግቢ ውስጥ ልብስ ትዘፈዝፍ ነበር። በርሜሉ ውስጥ የአባቴ ሸሚዝ አለ፤ ውሃው ቀይ ነው። ከሱ ስር ግን የእሷ ቀሚስ ነበር። የግራ ዓይኗ ተዘግቷል።

«እማዬ፣ ቱናው ለምንድን ነው አንቺን ብቻ የሚመታሽ?» አልኳት። «የዳቦ ጋጋሪውን የላዛሮን ሚስት አይመታ፣ ሌሎቹንም አይመታ።»

«እኔ ምን አውቄ።»

«አባዬን ስለሚፈሩት ነዋ! እሱን አይችሉትም፤ ስለዚህ ቂማቸውን አንቺ ላይ ይወጡታል።»

እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ። «ይሆናል» አለች።

«ታዲያ ይቅርታ ብንጠይቃቸውስ?»

«የት አግኝተን ነው የምንጠይቃቸው ልጄ? እዚህ የሚመጡት ሞተው ነው።»

እውነቷን ነው። የሞተ ዓሣ ይቅር አይልም። ትንሽ አሰብኩና አጎቴ አምፔሊዮ ትዝ አለኝ። የእናቴ ወንድም ነው፤ ከባሕሩ ማዶ፣ ጄኖቫ ወደብ ላይ ዕቃ ያራግፋል። ለፋሲካ መጥቶ በነበረ ጊዜ እዚያ ወደብ ዳር ስለተከፈተው ትልቅ አኳሪየም አውርቶልኝ ነበር። ቤት የሚያክል መስታወት፣ ከመስታወቱ ጀርባ ባሕር፣ ባሕሩ ውስጥ ሻርክ፣ ዶልፊን፣ ስም የለሽ ዓሣ ሁሉ፤ ሰውን ቆመው የሚያዩ።

«ጄኖቫ እንሂድ» አልኳት። «አኳሪየሙ ውስጥ ያሉት በሕይወት አሉ። ለነሱ ከነገርናቸው ለዘመዶቻቸው ይነግሩልናል።»

እናቴ በተከፈተው ዓይኗ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ እጇን ሽርጧ ላይ ጠርጋ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። እጇ የሳሙናና የደም ሽታ ነበረው።

«እንሄዳለን» አለች። «ለአባትሽ ግን አንነግረውም። ዓሣ የሚገድል ሰው ሚስቱና ልጁ ዓሣ ሊለማመጡ ሲሄዱ ደስ አይለውም።»

ይህ በጣም ተስማማኝ። ለማንም አልተነፈስኩም፤ ለአሻንጉሊቴ እንኳን። ብዙ ዓመት ቆይቼ እናቴን ስጠይቃት፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለመሄድ ስታስብ መንገዱ ይታያት እንደነበረ፣ ሰው ሲጠይቃት የምትመልሰው ግን ጠፍቷት እንደነበረ ነገረችኝ። «ሰበቡን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ» አለችኝ።

ዝግጅቱ ተጀመረ። ስልክ የነበረው ዳቦ ጋጋሪው ሲኞር ላዛሮ ቤት ነው። እናቴ እዚያ ገብታ፣ የዱቄት ጆንያዎቹ መሃል ቆማ፣ የስልኩን እጀታ በሁለት እጇ ይዛ ታወራለች፤ እኔ የትኩስ ፎካቻ ዳቦ ቁራሽ እያኘክሁ እሰማለሁ።

«አምፔሊዮ፣ ክፍሉ ተዘጋጀ ወይ?... በሩስ ከውስጥ ይቆለፋል?... ብቻውን ቢመጣስ?... አይ፣ ቀኑን እንዴት ብዬ ልንገርህ? ባንዲራው ሲሰቀል ነው።»

አጎቴ ለዓሦቹ ክፍል ያዘጋጀላቸው መስሎኝ ነበር። ሻርኩ ብቻውን ቢመጣ አደገኛ ስለሆነ በሩ መቆለፍ አለበት፤ ትክክል ነው አልኩ። ያልገባኝ የባንዲራው ነገር ነበር።

«እማዬ፣ አኳሪየሙ እዚህ ባንዲራ ሲሰቀል ብቻ ነው የሚከፈተው?»

ሲኞር ላዛሮ መልሱን ነጠቀላት። «ታዲያስ! እዚህ ሲታረድ እዚያ ይከፈታል። እንዲህ ነው የተስማሙት።»

«ራይሱና አኳሪየሙ?»

«ራይሱና አኳሪየሙ» አለ ሲኞር ላዛሮ፤ ፊቱን ወደ ምድጃው አዞረ።

ለምን እንደሆነ አሁን ማንም ይገባዋል። አባቴ ከቤት ለረጅም ሰዓት እንደሚርቅ የሚታወቅበት፣ ወንድ ሁሉ ከወደቡ የሚጠፋበት ቀን ያ ብቻ ነው። ቀኑን ደግሞ ራይሱም አስቀድሞ አያውቀውም። እናቴ ከቱና ጋር ተቆራኝታ ትጠብቅ ነበር፤ የሷ ነፃ መውጣት የእነሱ መታረድ ላይ ተንጠልጥሎ። እኔ ደግሞ ጎህ ሲቀድ ከአልጋዬ ተነስቼ በመስኮት ጣሪያውን አያለሁ።

ሻንጣችን ላዛሮ ቤት ከጆንያ ጀርባ ተደብቆ ነበር። እናቴ በየቀኑ ዳቦ ልትገዛ ስትሄድ ከቅርጫቱ ስር አንድ ነገር ትወስዳለች፤ አንድ ቀን ሹራቤን፣ አንድ ቀን የክረምት ካፖርቴን።

«በሰኔ ካፖርት?» አልኳት።

«አኳሪየም ውስጥ ይበርዳል። ዓሣ ቅዝቃዜ ይወዳል።»

እኔ በበኩሌ ንግግር አዘጋጀሁ። ፋብሪካው ጓሮ የተጣሉትን የቱና ጭንቅላቶች በተርታ አስቀምጬ እለማመድባቸዋለሁ። «የተከበራችሁ ዓሦች፣ እኔ ኒኮሌታ እባላለሁ፣ የባቺቻ ልጅ ነኝ። አባቴ የሚገድላችሁ ሥራው ስለሆነ ነው። እናቴ ግን ማንንም ገድላ አታውቅም። እባካችሁ እሷን ተዉልኝ።» ጭንቅላቶቹ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጡኛል። ዝንቡን እያባረርኩ ደግሜ ደጋግሜ እለዋለሁ።

አንድ ቀን ቀና ስል አያቴ ጄሮኒማ ከበሩ ላይ ቆማ አየኋት። የአባቴ እናት ናት፤ ከኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፣ ፋብሪካው ውስጥ ከሁሉም ሴት በፊት ቢላ የምታነሳው እሷ ናት። የማትስቅ፣ የማታቅፍ፣ ለልጅ ከረሜላ መስጠት የማታውቅ ሴት። ፈራኋት።

«ምንድን ነው የምትቀባጥሪው?» አለችኝ።

እናቴ ከውስጥ ሰምታ መጣች፤ ሌሎቹም ሴቶች እጃቸውን እየጠረጉ ተከተሏት።

«ልጅቷ ጄኖቫ ሄዳ ዓሣ ማየት አምሯት ነው፣ እማማ» አለች እናቴ መሬት መሬት እያየች።

«ዓሣ?» አያቴ በቢላዋ ጓሮውን ዞር ብላ አሳየቻት። «እዚህ ዓሣ ጠፋ?» ሴቶቹ ሳቁ። አያቴ አልሳቀችም። ወደ እናቴ ቀረበች፤ ዓይኗ ስር ያለውን ቢጫና ሐምራዊ ነገር አየችው። «ቱናሽ ሰሞኑን ክፉ ሆኗል» አለቻት። ሴቶቹ ሳቃቸውን አቆሙ።

«አዎ እማማ።»

«ስሚኝ እንግዲህ። ከሄድሽ እንዳትመለሺ። ገባሽ? እግርሽ እዚህ ድንጋይ ላይ እንዳይደርስ። የኔ መቃብር ላይ እንኳን እንዳላይሽ።»

እናቴ አለቀሰች። አያቴ ፊቷን አዙራ ሄደች። የዚያን ዕለት አያቴን እንደጠላኋት በሕይወቴ ማንንም አልጠላሁም። ዓሣ ለማየት በመፈለጋችን ብቻ ከቤት የምታባርረን፣ ለአባቴም የምታሳብቅ መሰለኝ። እናቴ ያለቀሰችው ለምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ለጉዞው እናቴ ነጭ ሸሚዝ ሰፋች። አንገቱ ላይ ጥልፍ ነበረው። ሳየው ደነገጥኩ።

«እማዬ! የቱና ወር እኮ ነው!»

«ለዚያ ነው የሰፋሁት» አለች። «የደም ቀለም ለብሼ እዚያ አልሄድም።»

ይህም ልክ ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ የሚሄድ ሰው የገዳይ ልብስ ለብሶ አይሄድም።

ባንዲራው የተሰቀለው ሳልጠብቀው ነው፤ ሌሊቱን ነፋስ ስለነበረ ዛሬ አይሆንም ብዬ ተኝቼ ነበር። ስነቃ አባቴ ጫማውን እያሰረ ነበር። ግንባሬን ሳመኝ። «ዛሬ ትልቁን አመጣልሻለሁ» አለኝ። ደስተኛ ነበር። በሩ ሲዘጋ እናቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጉልበቷ መሃል ጨብጣ፣ የጀልባዎቹ ሞተር ድምፅ እስኪጠፋ ጠበቀች። ከዚያ ነጩን ሸሚዝ ለበሰች፣ ጥቁሩን ካፖርት እስከ አንገቷ ቆለፈችበት፣ እጄን ያዘች።

ወደቡ ሴቶች ብቻ ነበር። በሽርጣቸው፣ በቢላቸው፣ በባዶ ገንዳዎቻቸው አጠገብ ቆመው ወደ ባሕሩ ያያሉ። ስናልፍ አንዳቸውም ወዴት ናችሁ አላሉንም። አንዷ ብቻ ብስኩት በመሐረብ ጠቅልላ ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝ። ሲኞር ላዛሮ ሻንጣውን አምጥቶ አስቀመጠና ወደ ኋላ ሳያይ ተመለሰ። ወደ ትልቁ ደሴት፣ ወደ ሰርዲኒያ የምታሻግረው መርከብ ቆማለች፤ መኪናዎች እየጫነች ነበር። እዚያ ደርሰን የጄኖቫውን መርከብ እንይዛለን። ንግግሬን በልቤ እየደገምኩ ነበር።

በመሃል አንዷ ሴት «እ!» አለች። ሁሉም ወደ ፋብሪካው ጣሪያ ዞሩ። ባንዲራው እየወረደ ነው።

ሞገዱ አቅጣጫ ቀይሮ መረቡን አጣመመው አሉ በኋላ፤ ዓሣው በተከፈተው በኩል ወጣ። ጀልባዎቹ እንደ ወትሮው እየዘፈኑ ሳይሆን ዝም ብለው መጡ። አባቴ ጀልባው ገና ሳይታሰር ዘሎ ወረደ። ሜንጦው እጁ ላይ ነው። የለበሰው ሰማያዊ ሸሚዝ ነበር፤ አንዲት የደም ጠብታ የለበትም። ከእርድ ንጹሕ ሆኖ ሲመለስ አይቼው ስለማላውቅ ሌላ ሰው መሰለኝ።

እኛን አየ። ሻንጣውን አየ።

«የት ነው?» አለ።

«ልጅቷ ዓሣ ማየት ፈልጋ...» አለች እናቴ።

«ዓሣ! እኔ ዛሬ ዓሣ አይቻለሁ? ጠይቂኛ፣ አይተሃል ወይ በይኛ!» ካፖርቷን አንገቷ ላይ ጨብጦ ወደ ራሱ ሳበ፤ ቁልፎቹ ድንጋዩ ላይ ተበተኑ። ነጩ ሸሚዝ ፀሐይ ላይ ወጣ። አጥማጆቹ አዩት። አንዱ አማተበ።

የአባቴ ድምፅ ዝቅ አለ። «ነጭ» አለ። «በቱና ወር፣ ወደብ ላይ፣ የኔ ሚስት ነጭ። ባሕሩን ያበላሸሽብኝ አንቺ ነሽ።»

«ባቺቻ፣ ልጅቷ ፊት አይሆንም—»

በሜንጦው ዘንግ ፊቷን መታት። እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር፤ የተሰበረው ግን እንጨቱ አልነበረም። ወደቀች። ልትነሳ ስትሞክር ጀርባዋን ደገማት፤ ከዚያ ደግሞ፤ ከዚያ ደግሞ። ጎንበስ ብሎ፣ ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ጀልባው ላይ እንዳየሁት። ነጩ ሸሚዝ ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ። ወንዶቹ ገመዳቸውን ያያሉ። አንዱ ያልተወሳሰበ ገመድ ይፈታል።

እኔ ዞሬ ቱናውን ፈለግሁት። በእውነት ነው የምላችሁ፣ አንገቴን እያዞርኩ ፈለግሁት። ጀልባዎቹ ባዶ ናቸው። ገንዳዎቹ ባዶ ናቸው። የፋብሪካው መስቀያዎች በተከፈተው በር ይታያሉ፤ ባዶ ናቸው። በደሴቱ ላይ አንድም ዓሣ የለም፤ ደሙ ግን አለ።

የዚያን ጊዜ አያቴ ጄሮኒማ ከሴቶቹ መሃል ወጣች። አልሮጠችም። ሽርጧን እንዳሰረች፣ በባዶው ገንዳ ዙሪያ ዞራ መጣችና አባቴ ፊት ቆመች። ቁመቷ ደረቱ ጋ አይደርስም።

«ሜንጦውን አስቀምጥ» አለችው።

«እማማ፣ አንቺን አይመለከትም። ዞር በይ።»

«አስቀምጥ ብዬሃለሁ ልጄ።»

«ዞር በይ አልኩሽ!» ሜንጦውን ከጭንቅላቱ በላይ አነሳው። ለማን እንዳነሳው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ለእናቴ ይሁን ለእናቱ።

አያቴ የተነሳውን ክንዱን በግራ እጇ ወደ ታች ስባ፣ በቀኟ ቢላውን የእጁ አንጓ ላይ አሳረፈችና ሳበችው። አንድ ጊዜ ብቻ። ጣቶቹ በራሳቸው ተከፈቱ፤ ሜንጦው ድንጋዩ ላይ ተንኳኳ። አባቴ መጀመሪያ አልጮኸም፤ እጁን እያየ ቆመ፤ ደሙ በአያቴ ሽርጥ ላይ እየፈሰሰ ነበር። ከዚያ ጮኸ፤ እንደሱ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊት ከሰው አልሰማሁም።

አያቴ መሐረቧን ከራሷ ላይ ፈትታ አንጓውን አጥብቃ ማሰር ጀመረች። ስታስር ታለቅስ ነበር። «በቃ» ትለዋለች፣ ሕፃን እንደምታባብል፤ «በቃ የኔ ልጅ፣ በቃ። አሁን እጅህ ይበርድልሃል።»

ሴቶቹ ተንቀሳቀሱ። ሁለቱ እናቴን በብብቷ ገብተው አነሷት፣ አንዷ ሻንጣውን፣ አንዷ እኔን። የቀሩት ቢላቸውን እንደያዙ በእኛና በወንዶቹ መሃል ቆሙ። አንድ ወንድ አንድ እርምጃ ወደ ፊት አልመጣም። መርከቢቱ መወጣጫ ላይ ስንደርስ አያቴ ከልጇ ቀና ሳትል ጮኸች።

«ኦርሶላ! ያልኩሽን አትርሺ!»

እናቴ መናገር አልቻለችም፤ መንጋጋዋ ተሰብሮ ነበር። ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«አንቺም!» አለችኝ እኔን። «ዓሦቹን ሰላም በይልኝ።»

መርከቢቱ ስትነሳ እናቴ ወለሉ ላይ ተጋድማ ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ነበር። ሴቶቹ ያሰሩላት ጨርቅ ርሷል። ነጩ ሸሚዝ አንገቱ ላይ የነበረው ጥልፍ አይታይም።

«እማዬ» አልኳት። «ዛሬ እኮ ቱና አልታረደም።»

አየችኝ። ጭንቅላቷን ወዲህና ወዲያ አደረገች፤ አልታረደም።

«ባለፈው ሳምንት ዓይንሽንስ? ቱናው ነው?»

አይደለም።

«ለፋሲካስ? ጣትሽ የተሰበረ ጊዜ?»

አይደለም አለችኝ በጭንቅላቷ። እየጠየቅኋት፣ እሷም እየመለሰችልኝ፣ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሄድን። አንዱም ቱና አልነበረም። የተለማመድኩት ንግግር ያን ጊዜ ከራሴ ውስጥ ጠፋ፤ መሐረቡ ውስጥ ያለውን ብስኩት አውጥቼ ለእናቴ ሰጠኋት፣ መብላት እንደማትችል ረስቼ።

አምፔሊዮ ሰርዲኒያ ድረስ መጥቶ ከሆስፒታል ወደ ጄኖቫ ወሰደን። ያዘጋጀልን ክፍል አንድ መስኮት ነበረው፤ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል። ደሴቱ ላይ ፖሊስ ሲጠይቅ አያቴ «ቢላው አመለጠኝ» አለች፤ ወደቡ ላይ የነበሩት ሁሉ፣ ገመድ ሲፈቱ የነበሩትም ጭምር፣ አመለጣት አሉ። የአባቴ ቀኝ እጅ ዳግመኛ አልተጨበጠም። ሜንጦ ቀርቶ ማንኪያ መያዝ አቃተው። አያቴ እስክትሞት ድረስ ፋብሪካ እየዋለች፣ ማታ እየገባች፣ ፊቱ ተቀምጣ ታጎርሰው ነበር። ይህን የነገረን ሲኞር ላዛሮ ነው፤ ለፋሲካ ይደውል ነበር። ስትሞትም የነገረን እሱ ነው፤ «እንዳይመጡ ብላለች» አለን። አልሄድንም። እናቴ ሦስት ቀን ጥቁር ለብሳ መስኮቱ ስር ተቀመጠች። ሴትየዋን ምን ያህል እንደምትወዳት የዚያን ጊዜ አየሁ።

አኳሪየሙ ከቤታችን በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አልገባንም። በደጃፉ ስናልፍ እናቴ ወሬ ትቀይራለች፤ እኔም አላስገድዳትም ነበር። ዘንድሮ የኔ ልጅ ስምንት ዓመት ሞላትና አኳሪየም ውሰዱኝ ብላ ያዘችን፤ አያቷን ካልወሰድን አልሄድም አለች።

«ተይኝ በናትሽ» አለቻት እናቴ። «ስንት ዘመን ስማቸውን አጥፍቼ በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?» ሳቀች። ስትስቅ መንጋጋዋ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ሳይገጥም የዳነ ነው። ልጄ ያልገባት ቢሆንም አብራት ሳቀች።

ነገ እንሄዳለን። መቼ ገብተን መቼ እንደምንወጣ፣ ምሳ የት እንደምንበላ፣ ሻርኩን መጀመሪያ ወይስ መጨረሻ እንደምናይ ልጄ ሁሉን ወስናለች። ዛሬ ከሰዓት በኋላ እናቴ ቤት ጎራ ስል ካውያ ይዛ ቆማ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ነጭ ሸሚዝ ነው፤ አዲስ፣ አንገቱ ላይ ጥልፍ ያለው።

«እማዬ፣ ሰኔ እኮ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችና እጅጌውን ገልብጣ መተኮሷን ቀጠለች።